«ፉል» የምትለዋ ቃል

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሬዳዋ ልጅ፣ የሳቢያን ሰፈር፣ ከአሜሪካ ኮሌጅ የደረሰውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። «ፉል ስኮላርሺፕ ነው፤ እንግዲህ ቤተሰብ የሚከፍለው የለም አይደል?» ይላል። የላከው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። እናንተ እኮ ቴሌግራም ላይ የምትለጠፈዋን ገጽ እንጂ ቁጥር ያለባትን አታነቡም።

ጥያቄው የከዚራ ሰፈሩን ልጅ አስታወሰኝ። የእሱ ደብዳቤ «ፉል ቱዊሽን» ይል ነበር፤ የትምህርት ክፍያው ብቻ ተሸፍኗል ማለት ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ መጽሐፍ፣ የአውሮፕላን ቲኬት የለበትም። እነዚህን ጭምር የሚይዘው «ፉል ራይድ» የሚሉት ነው። ቤተሰቡ «ፉል» የምትለዋን ሰምቶ በግ አረደ። ልጁ ደግሞ የቤተሰብ አቅም አይቶ የሚረዳ ሌላ ኮሌጅ «ሲኤስኤስ ፕሮፋይል» የተባለውን ቅጽ እንዲሞላ ጠይቆት ነበር፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብሎ ተወው። በኋላ ለቪዛ የሚያስፈልገው፣ ኮሌጁ የሚሰጠው አይ-20 የተባለ ወረቀት እንዲላክለት የባንክ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ለአንድ ዓመት የጎደለው ወደ 17,000 ዶላር ነበር። አባትየው መጋላ ገበያ ጨርቅ ሻጭ ናቸው። ጊቢ ውስጥ እሠራለሁ አለ። ተማሪ ትምህርት እየተሰጠ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ጊቢ ውስጥ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ግን ደመወዙ የሚመጣው ከሠራ በኋላ ነው፣ ነሐሴ ላይ ለሚጠየቅ ክፍያ አይደርስም። የሌላው ኮሌጅ ቀን ደግሞ አልፎ ነበር። ያን ደብዳቤ እኔም አንብቤው ነበር። «ፉል» ላይ ስደርስ እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ጠቅላላውን የዓመት ወጪ ጻፉና መልሳችሁ የማትከፍሉትን ገንዘብ ብቻ ቀንሱ፤ በችግር የሚሰጠውን ግራንትና በውጤት የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ። የቀረው ከእናንተ የሚጠበቀው ነው። ብድርና የሥራ ደመወዝ እዚያ መስመር ላይ አይገቡም። ስኮላርሺፑ ለ4 ዓመት ይታደስ እንደሆነ፣ ውጤት ከስንት ሲወርድ እንደሚቆም በጽሑፍ ጠይቁ። ለምግብና ለመኝታ ከሚሰጣችሁ ላይ 14 በመቶ ግብር ሊቆረጥ እንደሚችልም አስቡ። «ፋፍሳ» የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ቅጽ የአሜሪካ ዜጎችን፣ ግሪን ካርድ ያላቸውንና እንደ ስደተኛ ያሉ ጥቂቶችን የሚመለከት ነው፤ ከዚህ ለምትሄዱት አይሠራም፣ እንሙላላችሁ ለሚሉ ብር አትክፈሉ።

ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ስትሞሉ የቤተሰብ ገቢ ትጠየቃላችሁ፤ አባታችሁ ነጋዴ ከሆኑ የደመወዝ ወረቀት የላቸውም። የንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን አስተርጉሙ። ገቢውን በብር ጻፉና የየትኛው ዓመት እንደሆነ አመልክቱ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በጣም ስለተለወጠ ያው ብር በዶላር ሌላ ሰው ያስመስላችኋል።

ከብድር ራቁ እላለሁ። ድሬዳዋ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡት ግን ኮስት ሼሪንግ ፈርሙ እላለሁ፤ እሱም ቢሆን ብድር ነው። የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ከፊሉን፣ ሥራ ስትይዙ ከደመወዝ እየተቆረጠ ትከፍሉታላችሁ። ከቤት እየተመላለሳችሁ የምትማሩ፣ ያልተኛችሁበት መኝታ ውሉ ላይ እንዳይሞላባችሁ እዩ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

የሳቢያኑን ልጅ ሁለተኛውን ገጽ ላክልኝ ብዬዋለሁ። እስካሁን አልላከም።