መጀመሪያ ገል ልቀሙ

ሰሞኑን አንድ ልጅ «አርኪዮሎጂ ልማር ነው፤ የምመኘው የመካከለኛው ዘመን ገዳም መቆፈር ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። እኔም በሱ ዕድሜ ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። ግን ያኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ፤ ገዳሙን ብቻ ከቆፈራችሁ የያዛችሁት ግማሽ ወሬ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው አጠገቡ ባለው ከተማ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ።

ሱዳን ውስጥ፣ በናይል ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አሮጌዋ ዶንጎላ አለች። የክርስቲያን ኑቢያ መንግሥት የነበረው የማኩሪያ ዋና ከተማ ነበረች። የፖላንድ ባለሙያዎች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፍሩባት ኖረዋል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማዋ ምሽግ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ አሸዋ የዋጠው ጉብታ ነበር። ቆፋሪዎቹ ጉብታዎቹን በፊደል ስለሚጠሩ ይሄኛው «ኮም ኤች» ተባለ («ኮም» በአረብኛ ጉብታ ማለት ነው)። ከአሸዋው ስር ትልቅ ገዳም ወጣ። በ1993 ደግሞ እዚያው ገዳም ውስጥ በ1113 ያረፈው የሊቀ ጳጳስ ጊዮርጊዮስ መቃብር ተገኘ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ ግን በግሪክኛና በቅብጥኛ ጽሑፍ ተሞልቷል። የአራቱ ወንጌላት መጀመሪያና መጨረሻ፣ ጸሎት፣ እንደ አስማት የሚደገሙ ስሞች ጭምር።

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ወጣት ከዚያ በኋላ ሌላ ማየት ያቅተዋል። አልፈርድበትም።

ግን እስቲ ጠይቁ። እነዚያን መነኮሳት ማን አበላቸው? ዘይቱና ወይኑ የመጣበት እንስራ የት ተሠራ? ግድግዳውን የለሰነው ሰው ማታ የት ነው የሚያድረው? የመቃብሩ ጽሑፍ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ገል ግን ይናገራል። ከገዳሙ የወጣ የእንስራ አንገትና ከከተማው ቤት ኩሽና የወጣ የእንስራ አንገት ጭቃቸው አንድ ከሆነ፣ ከአንድ ሠሪ እጅ ወጥተው ይሆናል ብላችሁ መጠየቅ ትጀምራላችሁ። ጭቃው የሩቅ አገር ከሆነ ንግድ አለ። በሠላሳ ሴንቲ ሜትር የአፈር ንብርብር ውስጥ የሩቁ ገል እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ፣ መንገዱን ምን ዘጋው ትላላችሁ። መልሱን ከሥዕል አታገኙትም።

አንድ ቦታ እንዴት እንደተተወ የሚታወቀውም እንዲሁ በተናቀ ነገር ነው። ይሄን ልብ በሉ። የአንድ ክፍል ጣሪያ ወድቆ በቀጥታ ወለሉ ላይ ከተኛ፣ ሰው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ምናልባትም ሰው እያለበት ነው የወደቀው። በወለሉና በወደቀው ጡብ መሃል የነፋስ አሸዋ ከገባ ግን፣ ክፍሉ ባዶውን ከርሟል። ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ ከተገኘ በጥድፊያ ነው የሄዱት። የበሩ እንጨት ከነመቃኑ ተነቅሎ ከሆነ አስበውበት፣ ጠቅልለው ነው የወጡት (ወይም ጎረቤት መጥቶ ወስዶታል፣ እሱም ያጋጥማል)። አራት ጣት በማትሞላ አሸዋ ነው ይሄን ሁሉ የምትለዩት።

«የተተወ» የምትለዋን ቃልም ቶሎ አትመኗት። ዶንጎላን ያኔ ግብፅን ይገዙ የነበሩት የማምሉኮች ጦር በ1276 ገብቶባታል። በ1317 የንጉሡ ዙፋን አዳራሽ መስጊድ ሆነ። በ1365 ንጉሡ ከነሹማምንቱ ከተማዋን ለቀቀ። መጽሐፍ ላይ ይሄን ስታነቡ በቃ፣ አለቀላት ትላላችሁ። ሰዉ ግን የትም አልሄደም! ያ አዳራሽ እስከ 1969 ድረስ ይሰገድበት ነበር። ከተማዋም በሌላ መልክ፣ በሌሎች ቤቶች፣ ለምዕተ ዓመታት ኖራለች።

እነዚያ የኋለኛው ዘመን የጭቃ ጡብ ቤቶች ለብዙ ቆፋሪ ታች ወዳለው «ዋና ነገር» ለመድረስ የሚጠረጉ ነገሮች ነበሩ። እነሱን በሥነ ሥርዓት የሚያጠና ቡድን ምን እንዳገኘ ልንገራችሁ። ከቤቶቹ በአንዱ ወለል ላይ ቀዳዳ አዩ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግድግዳቸው በሥዕል የተሸፈነ ክፍሎች ናቸው፤ አንድ የኑቢያ ንጉሥ ጎንበስ ብሎ የክርስቶስን እጅ ሲስም፣ የመላእክት አለቃ ሚካኤል በክንፉ ከልሎት ይታያል። ጽሑፉ ዳዊት የሚባል ንጉሥ ይጠራል። ዜናው የወጣው በ2023 ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሳ። ስለዚህ ማስታወሻ መጻፍ፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት ሲሰለቻችሁ ይሄን አስቡ፤ ነገ ተመልሳችሁ የምታዩት ላይሆን ይችላል።

አረብኛ ተማሩ። ግሪክኛውና ቅብጥኛው በኋላ ይደርሳል። አካፋ ይዞ አጠገባችሁ የቆመው ሠራተኛ ከብዙዎቻችን የተሻለ እጅ አለው፤ ብሩሹ የተጠቀጠቀ ወለል ሲነካ ድምፁ እንደሚቀየር ያሳየኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ ዲግሪ የለውም።

የራሴን ጉድ ሳልናገር አልጨርስም። ስሙን በማልጠራው የገዳም ቁፋሮ፣ በሁለተኛው ዓመቴ፣ የኩሽና ክፍል ተሰጠኝ። ከአሸዋው በላይ የወጣው ገል በአንድ ከረጢት፣ ከአሸዋው በታች የወጣው በሌላ። ወደ ማታ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጩኸት ሰማሁ። የልስን ቁራጭ ነው፤ መዳፍ የምታክል፣ አንድ ዓይን የተሳለባት። ሁላችንም ሮጥን፣ እኔም ከረጢቶቹን አፋቸውን ሳላስር፣ ወረቀታቸውንም ሳልጽፍ። ጠዋት ስመለስ አንድ ቅን ሰው ቦታ እንዳይዙ ብሎ ሁለቱንም ባንድ አድርጎ ጨምሯቸዋል።

ያቺን ዓይን ዛሬ ማንም አያስታውሳትም፤ ሥዕሉ እንዳለ ፈርሶ ስለነበር የማን እንደሆነች እንኳ አልታወቀም። ኩሽናው የተተወው ከጣሪያው መውደቅ ስንት ዓመት በፊት እንደሆነ ሊነግረን ይችል የነበረው ገል ግን አሁንም መጋዘን ውስጥ አለ። ከረጢቱ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ቦታው ያልታወቀ» ይላል።