ስለ ጾታዊነትና አካል ጉዳተኝነት ፍትሕ ኮርስ ለጠየቁት መምህር

ለሴኔት የሚቀርብ «ጾታዊነትና የአካል ጉዳተኝነት ፍትሕ» የተሰኘ የምርጫ ኮርስ (ጾታዊነት ስንል ስለ ገላ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ተዋልዶ ያለውን የሰው ሕይወት ማለታችን ነው) እንዲያዘጋጁ መታዘዝዎን፣ ገምጋሚዎቹም እንዳይጥሉት መስጋትዎን ጽፈዋል። እኔ የሰሜን ሸዋ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ኮርስ ከአንዲት አካል ጉዳተኛ ባልደረባዬ ጋር ነድፌ፣ አስጸድቄ፣ አስተምሬዋለሁ። እኛን ያደከመን እርስዎን እንዳያደክም በዝርዝር እጽፋለሁ።

1ኛ። በሕጉ ይጀምሩ። «ይህ ከባህላችን ጋር ይጋጫል» የሚል ገምጋሚ አይጠፋም፤ መልሱ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ነው። አንቀጽ 23 ጋብቻ መመሥረትንና የልጆችን ቁጥር በራስ መወሰንን፣ አንቀጽ 25 ደግሞ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎትን ከሌላው ሰው እኩል ማግኘትን ይደነግጋል። ለክፍል ውይይት ግን የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 ይበልጣል፤ ነፍሰ ጡሯ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳልና። ድንጋጌው ለሴቲቱ የተከፈተ በር ነው ወይስ «አንቺ እናት አትሆኚም» የሚል ፍርድ? ተማሪዎቼ እንደዚህ ጥያቄ የተሟገቱበት ርእስ አልነበረም፤ እኔም አንዱን ወገን ይዤ አልዘጋሁባቸውም።

2ኛ። ትምህርቱ በመብት ዝርዝር እንዳያበቃ ይጠንቀቁ። የአካል ጉዳተኝነት ፍትሕ የሚባለው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ሲንስ ኢንቫሊድ በተባለው የአካል ጉዳተኛ አርቲስቶች ስብስብ ዙሪያ የዳበረ ሲሆን፣ ገላና ጾታዊነት ከመነሻው የመድረክ ሥራቸው ማዕከል ነበሩ። ከዋና መርሖቹ አንዱ ነገሩ ይበልጥ የሚነካቸው ሰዎች ይምሩት የሚል ነው። ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከመንዝ ገጠር ወርዳ የወሊድ መከላከያ ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ የምትገባ መስማት የተሳናትን ሴት ያስቡ። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ስለሌለ የሚያስተረጉምላት ታናሽ ወንድሟ ወይም የባሏ እናት ይሆናሉ፤ በእነርሱ ፊት ምን ብላ ትጠይቃለች? አገልግሎቱ ከነሕጉ አለ፤ እርሷ ግን ባዶ እጇን ትመለሳለች። ኮርሱ ይህችን ሴት ካልደረሰ የተሠራው ለእኛ ለመምህራኑ ብቻ ነው።

3ኛ። የስብሰባውን ክፍል ከአጀንዳው አስቀድመው ያጣሩ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነጥብ ነው። ባልደረባዬ ዊልቸር ተጠቃሚ ናቸው። ስሙን በማልጠራው የቀድሞ ተቋማችን የግምገማ ጉባኤው ሊፍት በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተጠራ። ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር በደብዳቤ ብንጠይቅ ኃላፊው «ለአንድ ሰው ተብሎ ጉባኤ አይዛወርም» አሉን። በዕለቱ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተላኩና ባልደረባዬን ምንም ሳይጠይቁ ከነዊልቸራቸው ሊያነሡ ያዟቸው። እርሳቸውም «ገላዬን ከመንካታችሁ በፊት እኔን ጠይቁ» ብለው ከለከሏቸው። የኮርሳችን የመጀመሪያ ምዕራፍ የአካል ጉዳተኛ ሰው ገላ የራሱ እንደሆነ፣ እርዳታም ቢሆን ያለ ፈቃድ እንደማይደረግ የሚያስተምር ነበር፤ ይህንኑ ሊገመግም የተሰየመው ጉባኤ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አዘጋጇ «ያለ በቂ ምክንያት ቀርተዋል» ብሎ ጻፈባቸው። እኔ ብቻዬን ላስረዳ ብሞክር አንድ አባል «አካል ጉዳተኞች የቸገራቸው እንጀራ ነው፤ ይህን ማን ጠየቀ?» አሉኝ። የጠየቁት ደረጃው ሥር የቀሩት መምህርት መሆናቸውን ነገርኳቸው። ኮርሱ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተላለፈ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያዳነን የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ነው፤ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያና መዳረሻ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። አንቀጹን ጠቅሰን፣ ለበላይ አካል ግልባጭ አድርገን ስንጽፍ ቀጣዩ ጉባኤ ምድር ቤት ተጠራ። ባልደረባዬ ራሳቸው አቀረቡት፣ ጸደቀም። እርስዎም ደብዳቤውን ከአሁኑ ያዘጋጁ እንጂ እንደ እኛ በር ላይ አይጠብቁ።

4ኛ። ተማሪዎችን «ሄዳችሁ አካል ጉዳተኞችን ስለ ትዳር ሕይወታቸው ጠይቁ» ብለው አይላኩ፤ የሰውን ገመና ለማርክ ማውጣት ነው። እኛ ተማሪዎቹን የላክናቸው ጤና ተቋማትን እንዲመረምሩ ነው፦ የምርመራ አልጋው ከፍታ ስንት ነው? ዊልቸር በበሩ ያልፋል? ዓይነ ስውር ታካሚ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷን ሌላ ሰው ሳይሰማ የምታውቅበት መንገድ አለ? አንድ ጤና ጣቢያ የተማሪዎቻችንን ሪፖርት ተቀብሎ ዝቅ የሚል አልጋ ማስገባቱ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ነው።

ስለ ምዘናና ስለ ክሬዲት ሰዓት የተቋምዎ መመሪያ ይበቃዎታል። ክፍያውን ግን በዋዛ አይለፉት። ባልደረባዬ ሙሉ ኮርስ ነድፈው ሳለ ሒሳብ ክፍል «ልምድ ለማካፈል የመጡ እንግዳ» ብሎ የትራንስፖርት አበል ብቻ ሊሰጣቸው ነበር። ስለዚህ አብሮዎት የሚሠራው አካል ጉዳተኛ ባለሙያ ስም በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ «የኮርሱ አዘጋጅና መምህር» ተብሎ ይስፈር፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍያም በዚያው ዕለት በበጀት ጥያቄው ውስጥ ይግባ፤ በኋላ ሲጠይቁ የሚሰጥዎት መልስ «በጀት ተዘግቷል» ነው።