መልስ፦ የወፍ በሽታው ተመልሶ መጣ

እህቴ፣ ወንድምሽ ደሴ ላይ «ሄፓታይተስ ኤ» (የጉበት ቫይረስ) ተብሎ ድኖ፣ ከ5 ሳምንት በኋላ ዓይኑ እንደገና ቢጫ ሆነ፣ ጉበቱ አለቀ ወይ ብለሻል። አይዞሽ። ይሄ ቫይረስ አንዳንዴ ከተሻለ በኋላ ያገረሻል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይለቃል፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ሥር ሰዶ አይቀርም። ለማንኛውም ሄፓታይተስ ቢም በምርመራ ይታይለት።

እኔን የያዘኝ የዚሁ የሄፓታይተስ ኤ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሐሞቱ በደንብ አልፈስ ብሎ ቢጫው ከ3 ወር በላይ ቆየ። በኮምቦልቻ ሙቀት ማሳከኩን አታንሺው! ሌሊቱን መዳፌን ከአልጋው ጠርዝ ጋር ስፈትግ ይነጋል። ሽንቴ ጥቁር ሻይ ነበር የሚመስለው። አለፈ።

የሚያስፈራው ጉበት ድንገት ሥራ ሲያቆም ነው። ከ100 ሰው 1 እንኳ አይሞላም። ግን ከተደናገረ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ካፈጠጠ፣ ድዱ ከደማ ወይ ትውከቱ አልቆም ካለ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው። የደም መርጋት ምርመራም ይሠራለት።

ለወፍ በሽታ እያሉ የሚበጠብጡትን ቅጠል ግን ይቅርበት፤ ጉበቱን ይበልጥ ሊጎዳበት ይችላል። እኔና እናቴ በዚህ ተኳርፈናል። ፓራሲታሞልም ሐኪም ሳትጠይቂ አትስጪው።