ሰማዩ ጠርቶ ባቡር ለምን ይቆማል? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ክረምቱ ሳይከብድ ስለ ባቡርና ስለ ጎርፍ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ሥራዬ ሃዲድ ሥር የሚያልፈውን ውሃ መቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ በኩል የማውቀውን ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ የሚማረው ድሬዳዋ ነው። ለቡ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ "ዛሬ ባቡር የለም" እንዳልባል ምን ላድርግ?

እትዬ፣ ከቤት ሳይወጡ ይደውሉ። አዲስ አበባ ለመግባት ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለቡ ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ። አዲስ አበባ ፀሐይ ነው ብለውም አይተማመኑ። እስከ ጅቡቲ ያለው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ ወዲያ ሃዲዱ ነጠላ ስለሆነ አንድ ቦታ ከተቆረጠ መዞሪያ የለውም።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፍ ይመጣል። የአዋሽ–ወልዲያው ባቡር ሥራ ሲጀምር በዚህ አይቸገርም?

ይቸገራል። ደራሽ ውሃ የምንለው ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 አካባቢ። ደጋው ላይ የዘነበው በሮቢ፣ በጀውሃ፣ በአጣዬ ወንዞች አድርጎ ቁልቁል ወደ አዋሽ ይወርዳል። መንገዱ አጭርና ገደል ስለሆነ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ነው የሚደርሰው። ሃዲዱ ደግሞ በተራራውና በአዋሽ መሐል፣ ወደ ሰሜን ነው የተዘረጋው። ስለዚህ ወንዞቹን አንድ በአንድ ማቋረጥ ግድ ነው። የእናንተን ሰማይ የሚያይ ሠራተኛ ምንም አያውቅም። መታየት ያለበት የጣርማበር ደመና ነው። ደጋው ላይ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ፣ ቆላ ላለው ጣቢያ በቶሎ የሚነገርበት መንገድ ካልተበጀ ድልድይ ማብዛት ብቻውን አይበቃም።

ከአጣዬ፦ ጎርፉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ባቡሩ ግን ለቀናት ቆመ ይባላል። ስንፍና አይደለም?

አይደለም ወንድሜ። ውሃው ሄደ ማለት መንገዱ ዳነ ማለት አይደለም።

ሃዲድ የሚተኛው ባላስት በሚባል ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ ሹልና ሸካራ ስለሆነ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ በመሐሉም ውሃ ያሾልካል። ጭቃ ሲሞላው መቆላለፉ ይላላል፤ ባቡር ሲያልፍበት ሃዲዱ ይሰምጣል፣ ይጣመማል። ከጠጠሩ ሥር ደግሞ የአፈር ሙሌት አለ። ጎርፍ ይህን ከጎን ይቦረቡረዋል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሌቱ ቢሄድም ብረቱ አይወድቅም። እንግሊዝ አገር ዶውሊሽ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሕር ሙሌቱን ጠርጎ ወስዶ ሃዲዱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አየር ላይ ቀርቶ ነበር። ጠግኖ ለመክፈት ሁለት ወር ፈጀ።

ድልድይማ የባሰ ነው። ውሃው ከምሰሶው ሥር ያለውን አሸዋ ሲያጥበው ከላይ ምንም አይታይም። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ቫሊጎንዳ አጠገብ ጎርፍ ድልድዩን ይዞት ሄዶ፣ ባቡሩ ሳያውቅ ገባበትና ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ባቡር እንደ መኪና ፍሬን ተይዞ ወዲያው አይቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው በእግሩ ሄዶ ያያል። ከዚያም ለጥቂት ቀናት ባቡሩ በዝግታ ያልፋል። ለዚህ የሚወስደውን ጊዜ ባትቀየሙት ይሻላል።

ከደብረ ሲና፦ ለምን በእኛ በኩል አልመጣም?

ዳገቱ! የብረት ጎማ በብረት ላይ እንደዚያ ያለ ዳገት አይወጣም። መኪናውም ቢሆን ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ነው የሚያልፈው።

ከጀውሃ አካባቢ፣ አርሶ አደር፦ ሃዲዱ ከተሠራ ወዲህ ጎርፉ ማሳዬን በአንድ በኩል እየበላው ነው። ሃዲዱ ነው ጥፋተኛው?

ማሳዎን ሳላይ አልፈርድም ጋሼ፣ ግን ሊሆን ይችላል። ድሮ ሜዳው ላይ ተበትኖ የሚሄድ ውሃ ሙሌት ሲያግደው በአንድ ቱቦ ይሰበሰባል። በዚያ ሲወጣ ጉልበቱ ሌላ ነው። ቱቦው በግንድና በቅጠል ሲደፈን ደግሞ ሙሌቱ ሳያስበው ግድብ ሆነ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ በ2016 ሚያዝያ፣ ማይ ማሂዩ ላይ፣ ከባቡር ሙሌት ሥር ያለው የውሃ መተላለፊያ ተደፍኖ የታቆረው ውሃ ሌሊት በርቅሶ ከ45 በላይ ሰው ገደለ።

እኔን ከጠየቃችሁ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ቱቦ መጥረግ ነው። ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ ስላልሆነ ይረሳል። ግንቦት ላይ ያልተጠረገ ሐምሌ ላይ አይጠረግም። ቀበሌውን ይዛችሁ፣ የተደፈነውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሁኑኑ አመልክቱ። አፉ ላይ ጭራሮ የምትጥሉም ካላችሁ ተዉ።

ከመንዝ፦ አውቶቡስ አይሻልም ታዲያ?

አውቶቡስ መንገድ ሲዘጋ መዞር ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ክረምት የጣርማበር ጉምና ናዳ እያለ እሱንም አታሞግሱት።

ከሸዋ ሮቢት፦ መሐል ሜዳ ላይ ቢያቆመንስ? ወርደን በእግር እንሂድ?

በጭራሽ! የጅቡቲው መስመር ከላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለው። ጎርፍ ምሰሶ ካዘመመ ሽቦው ሊወርድ ይችላል፣ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ሳይነኩትም ይገድላል። ሠራተኛው ውረዱ እስኪል ውስጥ ቁጭ በሉ። ውሃና ዳቦ፣ ለሕፃን ደግሞ ጋቢ ያዙ። ትኬቱንም አትጣሉት፤ ገንዘብ ወይም ሌላ ቀን ስትጠይቁ የሚታየው እሱ ነው።