እንደ ሮድሪጎና ጋብሪዬላ በሁለት ጊታር፦ ድራሙ ከየት ይመጣል?

ወንድሜ፣ በሁለት ጊታር ብቻ ስለሚጫወቱት የሜክሲኮ ጥንድ፣ ስለ ሮድሪጎና ጋብሪዬላ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፤ ድራመር ሳይኖር የድራሙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣና ክሩ ናይለን ይሁን ብረት።

ከክሩ ልጀምር፣ ጊታር የሚያሰብረው እሱ ነውና። ሮድሪጎም ጋብሪዬላም የሚታወቁት በናይለን ነው። ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር እንዳታስር። ስድስቱ የናይለን ክሮች አንድ ላይ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ከ0.012 ኢንች የሚጀምር የብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ በላይ። ደረቱ (የጊታሩ የፊት እንጨት) ያብጣል፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅም ይነቀላል።

ድራሙ ያለው የሪትም ተጫዋቹ ቀኝ እጅ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሮድሪጎን የፒክ ፍጥነት ለመያዝ ይሮጣል፤ ሙዚቃውን የተሸከመችው ግን ጋብሪዬላ ናት። ለባስ ድራሙ ከክሮቹ በላይ ያለውን እንጨት በአውራ ጣትህ ጎን ምታ። ለስኔሩ (ሹል ድምፅ ላለው ድራም) ጣቶችህን ዘርግተህ ክሮቹን በጥፊ ከፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች፣ ጋር አጋጫቸው፤ ያኔ ግራ እጅህ ኮርዱን ሳይለቅ ላላ ይበል፣ አለዚያ ክሩ ያስተጋባል። ከዚያ የሜታሉን ጋለብ (እንደ ፈረስ ግልቢያ ያለውን ምት) ጨምር፦ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፤ ረጅሙ ላይ እንጨቱ፣ አጭሮቹ ላይ ክሩ። ለሦስትዮሽ ራስጌያዶ (ክሮቹን በጣቶች በተከታታይ የመጥረግ የፍላሜንኮ ስልት) ደግሞ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ መሃል ጣት ወደ ታች፣ አውራ ጣት ወደ ታች። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርገህ ጀምር፤ ሦስቱ ምት እኩል ካልተሰማህ 65 አትግባ። የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚህ ነው፦ መሃል ጣት ይጮሃል፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲመለስ ይጠፋል።

ክሩን በመዳፍህ ስታፍን መዳፍህን ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) ጫፍ ላይ ብቻ አሳርፍ። ናይለን ላይ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ከገባህ ኖታው ጨርሶ ይሞታል።

የፍላሜንኮውን ባለ 12 ምት ዑደት ሳላውቅ አይሆንም ብለህ አትፍራ። ሁለቱ ከሜክሲኮ ሲቲ የትራሽ ሜታል ባንድ የወጡ ናቸው፤ በ1999 ደብሊን ገብተው መንገድ ላይ ተጫውተዋል፤ ራሳቸውም የፍላሜንኮ ተጫዋቾች አይደለንም ይላሉ። ፍላሜንኮንና ሜታልን የሚያገናኘው ከመነሻው ኖታ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትለዋ ኖታ ናት፤ ከኢ ወደ ኤፍ። ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ እያልክ ውረድና ስማው። (አምባሰልን የሚያውቅ ጆሮ ይህቺን ግማሽ ድምፅ ቶሎ ይለምዳታል።)

መድረክ ላይ ሳድል ሥር ያለው ፒካፕ (ድምፅ ወደ ማጉያ የሚያስተላልፈው) ክሩን እንጂ የእንጨቱን ምት በደንብ አይዝም። ደረቱ ላይ ከውስጥ የሚለጠፍ ሁለተኛ ፒካፕ ጨምርና በተለየ ቻናል አስገባው፤ ባሱን እዚያ ላይ ብቻ ክፈት። 100 ኸርዝ አካባቢ ማጓራት ከጀመረ፣ እዚያው ጠበብ አድርገህ ቁረጥ። ሙሉ ባሱን ከዘጋኸው ድራምህን አብረህ ትዘጋዋለህ። የድምፅ ቀዳዳውን በላስቲክ መክደኛ መዝጋትም ይረዳል።

ደረቱ ላይ የመምቻ ፕላስቲክ ከሌለ ደግሞ ጥፍርህ ቫርኒሹን ይጨርሰዋል፤ ቀጭን ግልጽ የሆነውን ገዝተህ መጀመሪያ ለጥፍ።