ለወጣት ነርሶች፦ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋና ሐረር ነርሲንግ የምትማሩ፣ ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ፣ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የመጀመሪያ ዱቲያችሁን የያዛችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በነርስነት ነው። መጀመሪያ ዋርድ ላይ፣ በኋላ በሜትሮንነት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሰው ኃይል ልማት ሥራ። ስለ በሽተኛ አያያዝ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምነግራችሁ ስለ ገንዘብ ነው። የኪሳችሁን ደመወዝ ብቻ ማለቴ አይደለም። መንግሥት ነርስ ለማፍራት የሚያወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚነሳና የት ላይ እንደሚቆም ማለቴ ነው። ይህን የሚያስተምር ኮርስ አልወሰዳችሁም። የት እንደምትሠሩና እስከ መቼ እንደምትቆዩ የሚወስነው ግን ይኸው ነው።

የሚያሠለጥነው ኪስ ሌላ ነው፣ የሚቀጥረው ኪስ ሌላ። ሐረር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የሚተዳደረው በፌዴራል በጀት ነው። አራት ዓመት ተምራችሁ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋችሁ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ወስዳችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ድል ጮራ ሆስፒታል ለመግባት የድሬዳዋ አስተዳደር በጀት መያዝ አለበት። ጁገል ሆስፒታል ለመግባት የሐረሪ ክልል በጀት መያዝ አለበት። ሕይወት ፋና ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ስለሆነ እንደገና ወደ ፌዴራሉ ትመለሳላችሁ። ጁገልና ሕይወት ፋና አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ቅጥር የሚወጣባቸው በሮች ግን ለየብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ ልጅ አንዱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ተከፍቶ ይዘጋበታል።

በእኛ ጊዜ ተመርቆ ሥራ መፈለግ ብሎ ነገር አልነበረም። ጤና ጥበቃ ዕጣ ያወጣል፣ ሻንጣህን ይዘህ የደረሰህ ቦታ ትሄዳለህ። ዛሬ ያ የለም። ኮሌጁ በዝቷል፣ ተመራቂው በዝቷል፣ መደቡ፣ ማለትም በጀት የተያዘለት የሥራ ቦታ፣ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ስለዚህ በአንድ በኩል ቤቱ የተቀመጠ ዲግሪ ያለው ነርስ አለ፣ በሌላ በኩል ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዋርድ ለብቻዋ የምትይዝ ነርስ አለች። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ሰፈር የሚኖሩም አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያሳለፍኩት አገልግሎት ውስጥ እንደዚህ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ሰው አሠልጥኖ መቅጠሪያ አለመያዝ ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብ ይባክናል፣ የልጁም ዕድሜ ይባክናል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አዲስ መደብ የሚጠየቀውና የሚፈቀደው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በሚደረገው የዕቅድ ሥራ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስኪለጠፍ አትጠብቁ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጤና ቢሮው የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ «ለሚቀጥለው ዓመት ስንት የነርስ መደብ ጠየቃችሁ?» በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱ አዲስ መደብ የለም ከሆነ ጊዜያችሁን ወደ ሌላ ወረዳ ወይም ወደ ሌላ ክልል ታዞራላችሁ።

አሁን ወደ ፕሮጀክት ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ሥራ የምታገኙት እዚያ ነውና። የጤናው ዘርፍ ገንዘብ በሦስት መንገድ ይመጣል። አንዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል የሚያልፈው መደበኛው በጀት ነው። ሁለተኛው ለጋሾች በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚያዋጡት ነው፤ ኤስዲጂ ፈንድ (የዘላቂ ልማት ግቦች ፈንድ) ሲባል የምትሰሙት ከዚህ ይመደባል። ሦስተኛው ድርጅቶች ራሳቸው ይዘው የሚያወጡት ነው። ሦስቱም ሥልጠና ያዘጋጃሉ፣ ሦስቱም አበል ይከፍላሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ልዩነት የላቸውም። ልዩነታቸው የሚታየው ገንዘቡ የቆመ ቀን ነው።

ያ ቀን በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ። ጤና ሚኒስቴርም በሁለቱ የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት፣ በዩኤስኤአይዲ (የልማት ዕርዳታ ድርጅቱ) እና በሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ) ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ለክልሎች ደብዳቤ ጻፈ። የማውቃት አንዲት ልጅ ኤችአይቪ ክሊኒክ ትሠራ ነበር። በሽተኞቿን በስም ታውቃቸዋለች። ማን መድኃኒቱን ባዶ ሆዱን መዋጥ እንደሚከብደው፣ ማን ለባሏ ሳትነግር እንደምትመጣ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ደመወዟም ከመደበኛው የተሻለ ነበር። ውሉ ሲቋረጥ የሥራ ልምዷ ወረቀት እንኳ በእጇ አልነበረም። ፕሮጀክት አትግቡ አልላችሁም፤ ግቡ። ጥሩ ሥልጠና ያለው እዚያ ነው። ግን የፕሮጀክቱን ማብቂያ ቀን ከደመወዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በየስድስት ወሩ የልምድ ደብዳቤ አስጽፉ። የወሰዳችሁትን ሥልጠና ሰርተፊኬት በፋይል አስቀምጡ። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ሆኖ የሚቆጠር ከሆነ ለፈቃድ ዕድሳት ይጠቅማችኋል። መደበኛ መደብ በዝቅተኛ ደመወዝ ከመጣ ደግሞ እምቢ ከማለታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስቡበት።

መንግሥት ነርስ ላይ ካወጣው ገንዘብ ውስጥ በዓይኔ ፍሬውን ያየሁት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነው። በገጠሩ ፕሮግራም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ የሠለጠኑት። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ ከተማ ሲመጣ ዲፕሎማ ያላቸው ነርሶች ተወስደው የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጣቸው። ዕቅዱ ለ500 ቤተሰብ አንዲት ባለሙያ ነበር። መጀመሪያ ብዙ ሰው አጣጣለው። «ነርስ ሆነሽ ቤት ለቤት?» ይባሉ ነበር ልጆቹ። እነሱም ራሳቸው ሆስፒታል ያልገቡ መስሏቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ በበጋ ተነሳ። ዝናብ የለም፣ ረግረግ የለም፣ ወባ ግን አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ የምትራባው ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው። ድሬ ደግሞ ውኃ ሲመጣ በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል፤ ሌላ ምን ይሁን? እነዚያ ነርሶች በር እያንኳኩ ገቡ። አንዷን ተከትያት አይቻለሁ። የበርሜሉን ክዳን ታነሳለች፣ የስልኳን ባትሪ ታበራለች፣ ጎንበስ ብላ ውኃው ላይ የሚወዛወዘውን እጭ ትፈልጋለች። ስታገኝ የቤቱን እናት ጠርታ በዓይኗ ታሳያታለች። «ይኼውልሽ እማማ፣ ልጅሽን ያተኮሰው ይህ ነው» ትላለች። ከዚያ ክዳን እንዴት እንደሚገጠም፣ በርሜሉ በሳምንት አንዴ እንዴት እንደሚፋቅ ታስረዳለች። እናትየዋ ትሰማታለች፤ ምክንያቱም ክትባት የከተበችላት፣ እርግዝናዋን የተከታተለችላት ያቺው ልጅ ነች። በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማውን አስጎንብሶ ሲያስኬድም እንዲሁ ነበር። ሆስፒታል ቁጭ ብለን ይህን መሥራት አንችልም። ስለዚህ የዚህ ፕሮግራም መደብ ሲወጣ አትናቁት።

የትምህርት ዕድል ሲመጣ ደግሞ ውሉን አንብቡ። ዲፕሎማ ያላችሁ ወደ ዲግሪ፣ ዲግሪ ያላችሁ ወደ ማስተርስ፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በድንገተኛና ፅኑ ሕክምና፣ በአእምሮ ጤና ልትማሩ ትችላላችሁ። መሥሪያ ቤቱ ደመወዛችሁን እየከፈለ ካስተማረ ግዴታ ያስገባችኋል። ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ብትለቁ የምትመልሱት ደመወዙን ነው ወይስ የትምህርቱንም ወጪ? ስትመለሱ በተማራችሁበት ሙያ ትመደባላችሁ ወይስ ወደ ድሮው ዋርድ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ውል ላይ የለም። በጽሑፍ እንዲገባላችሁ ጠይቁ። የፅኑ ሕክምና ተምሮ መጥቶ ካርድ ክፍል የተመደበ ሰው አይቻለሁና። ዋስ የምትጠሩትንም ሰው ምን እንደሚፈርም ንገሩት፤ አጎታችሁ ሊሆን ይችላል፣ ዕዳው ግን ዕዳ ነው።

ኮስት ሼሪንጉንም፣ ማለትም ለመንግሥት የምትመልሱትን የትምህርት ወጪ ድርሻ፣ አትርሱ። ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀት) ይዛችሁ ዓመታት ትቆዩና ኦሪጅናሉ ዲግሪ የሚያስፈልግበት ቀን ስትሯሯጡ ትገኛላችሁ። ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ ደረሰኙን ያዙ።

አሁን የምናገረው ነገ ኃላፊ ለምትሆኑት ነው። ሌላው አገር ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። እንግሊዝ የነርሲንግ ተማሪን በነጻ፣ ከነመተዳደሪያው ታስተምር ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ያንን አቁማ ወደ ብድር አዞረችው። አመልካቹ ወዲያው ቀነሰ። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓመት ቢያንስ 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጎማ ይዛ ተመለሰች። አሜሪካ ደግሞ ነርስ ባጠረበት ቦታ ሁለት ዓመት ለሚሠራ ነርስ ከትምህርት ብድሩ 60 በመቶውን የምትከፍልበት ፕሮግራም አላት። ይህኛው ይማርከኛል። ገንዘቡን ከቦታው ጋር ያስረዋል። ምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ወይም ሶማሌ ክልል ጠረፍ ሄዶ የሚሠራ ልጅ ኮስት ሼሪንጉ ቢነሳለት ስንቱ በደስታ ይሄድ ነበር! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርስ ነበር፣ 5.8 ሚሊዮን ደግሞ ይጎድል ነበር። የጎደለው በአብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተው ነበር። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልደረሱበትም። እናንተ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ የሥልጠና ዕቅድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «መደቡስ?» በሉት። መልስ ከሌለው አትፈርሙ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለዚህኛው በጀት የሚይዝላችሁ የለም፣ አያስፈልገውምም። ኦሮምኛና ሶማልኛ ልመዱ፤ ሐረር ከሆናችሁ ሐረሪኛም ጨምሩ። ድል ጮራ ተኝታ ምጥ የያዛትን የገጠር ሴት በአስተርጓሚ ማዋለድ ይቻላል፣ ግን አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ባሏ ነው፤ እሱ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። አብራችሁ ዱቲ ከሚገቡት ውስጥ ቋንቋውን የሚችል አይጠፋም። ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ አስተምሩን በሏቸው። መጀመሪያ የሚያስፈልጓችሁ የሕመም ቃላት ናቸው። የት ነው የሚያምሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ደም አለው ወይ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ። እነዚህን ይዛችሁ ጀምሩ።