ኮድ ሳይችሉ የቴክኖሎጂ ክርክር መያዝ ይቻላል ወይ? ብለሽ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት በጥብቅና ሠርተሻል፤ አሁን ወደ ቴክኖሎጂ ክርክርና ወደ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት (ክርክሩ በፍርድ ቤት ፋንታ ተከራካሪዎቹ በተስማሙባቸው ዳኞች ወደሚታይበት) መግባት ትፈልጊያለሽ። "መጀመሪያ ኮድ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ) ልማር? ማስተርስስ ያስፈልጋል? በሩ በየት በኩል ነው?" ነው ያልሽው። እኔ በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ኮድ መማር ክፋት የለውም። ግን እሱን አትጠብቂ። በእጄ ካለፉት የሶፍትዌር ክርክሮች አብዛኞቹ ስለ ኮድ አልነበሩም። ክርክሩ "የተስማማነው ምን ለመሥራት ነበር?" የሚል ነው። ገዢው "ሲስተሙ አይሠራም" ይላል። ሻጩ "በየሳምንቱ አዲስ ነገር እየጨመራችሁ እንዴት ይለቅ፣ እንዴትስ ይጠናቀቅ?" ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ዳኞቹ ደግሞ ማን ጎበዝ ፕሮግራመር እንደሆነ ማወቅ አይፈልጉም። ጭማሪው በጽሑፍ ተጠይቋል? ማን ፈቀደው? ዋጋውና የማስረከቢያው ቀንስ አብሮ ተሻሽሏል? የርክክቡ ፈተና ላይ ማን ፈረመ? የሚጠይቁት ይህን ነው።

ስለዚህ ከኮድ በፊት ነገሮችን በቀን በቀናቸው መደርደር ተማሪ። ውሉ፣ ኢሜይሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የቻት መልእክቱ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ሥራው አሰልቺ ነው። እኔ ግን ሰው ክርክር ሲያሸንፍ ያየሁት ብዙውን ጊዜ እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ኢንጂነሩን ስታናግሪም አትፈሪ። ካልገባሽ አስቁመሽ ድገመው በይው፤ አምስት ጊዜም ቢሆን። አንቺ ያልገባሽን ነገር ዳኞቹ ፊት ማስረዳት አይቻልም።

አንድ ስህተቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ደንበኛዬ "ሲስተሙ በተደጋጋሚ ይቋረጥ ነበር" አለኝ። ማስረጃው ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ሎግ፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ በራሱ የሚመዘግብበት ፋይል ነበር። እኔ ማመልከቻውን ሳሳምር ስድስት ሳምንት ሄደ። ሎጉ ለካ ከ90 ቀን በኋላ በራሱ እንዲጠፋ የተደረገ ነው። ስንሄድ ዋናዎቹ ቀናት የሉም። ጉዳዩን በምስክር ቃል ብቻ ይዘን ገባን፤ ካሳው ከጠየቅነው በጣም አነሰ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ገና መጀመሪያ ቀን ሲመጣ "ምንም ነገር እንዳይጠፋ ዛሬውኑ ትእዛዝ ስጡ" እለዋለሁ። ለተቃራኒው ወገንም ማስረጃ እንዲያቆይ ደብዳቤ የሚሄደው በዚያው ቀን ነው።

ወደ ግልግሉ ስንመጣ፣ ጉዳይ ከመያዝሽ በፊት የምትጠይቂው አንድ ነገር አለ። የተቃራኒው ወገን ንብረት የት ነው ያለው? የ1958ቱ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች ነው) የኒውዮርክ ስምምነት ከ170 በላይ አገሮችን ያቅፋል። አንድ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ ሌላው አገር የሚፈጸመው በዋናነት በእሱ ነው። እንዲያስፈጽም የተጠየቀው ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩን እንደገና አይመረምርም። ላለማስፈጸም ያሉት ምክንያቶች ጥቂትና የተቆጠሩ ናቸው። ለምሳሌ የግልግል ስምምነቱ የማይጸና ከሆነ፣ ተከራካሪው በአግባቡ ካልተጠራ፣ ወይም ዳኞቹ ከተሰጣቸው ሥልጣን ከወጡ። ንብረቱ ከነዚያ አገሮች ውጭ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ይህን ለደንበኛሽ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ንገሪው።

ሁለተኛው የግልግሉ መቀመጫ ነው። ብዙ ሰው የስብሰባ ቦታ ይመስለዋል። አይደለም። መቀመጫው የየትኛው አገር ሕግ ሂደቱን እንደሚገዛ፣ ውሳኔውን ሊሽር የሚችለውም የየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሆነ ይወስናል። ዳኞቹ በቪዲዮ ቢሰበሰቡም መቀመጫው አይቀየርም።

የንግዱን በኩል በአጭሩ ልንካው። የ1980ውን የቪየና ዓለም አቀፍ የሸቀጦች ሽያጭ ስምምነት በደንብ አንብቢ። የሁለቱ ወገኖች የንግድ ቦታ የተለያዩ አባል አገሮች ውስጥ ከሆነና በውላቸው ካላስቀሩት፣ ማንም ሳይጠራው ይሠራል። ገዢው ጉድለቱን በተገቢው ጊዜ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል፤ በመርህ ደረጃ የመጨረሻው ገደብ ዕቃውን ከተረከበበት ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በዚህ የተነሳ ጥሩ ጉዳይ ሲበላሽ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ማስተርሱ? ከቻልሽ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን በር አይከፍትም።

በሩ ለእኔ የተከፈተው በዶሜይን ስም (በድረ ገጽ አድራሻ ስም) ክርክሮች ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በ1994 የከፈተው የግልግል ማእከል እነዚህን ውሳኔዎች በነፃ ያወጣል። ከ1999 ጀምሮ ያለው ሥርዓት ከሳሹን ሦስት ነገር ያስረዳ ይለዋል። ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር ያምታታል፣ ያስመዘገበው ሰው መብት ወይም ሕጋዊ ጥቅም የለውም፣ ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልቦና ነው። ተከሳሹ መልስ የሚሰጠው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። አንድ ውሳኔ ክፈቺ፣ የሁለቱን ወገን ክርክር ብቻ አንብቢ፣ የራስሽን ውሳኔ ጻፊ፣ ከዚያ ከዳኛው ውሳኔ ጋር አስተያዪው። እኔ ይህን ለወራት አድርጌዋለሁ፤ ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ጠቅሞኛል።

በመጨረሻ ለደንበኛሽ የተላከውን አንቀጽ ለጥፈሽ ነበር፤ "ክርክር ቢነሳ በጄኔቫ ወይም በሲንጋፖር በግልግል፣ ወይም በፍርድ ቤት ይታያል" የሚለውን። እንዲህ እንዳለ እንዳይፈርሙበት። ይህን የመሰለ አንቀጽ ይዘን፣ ገና ማን ይዳኘን በሚለው ብቻ ስምንት ወር ተከራክረናል። ፍርድ ቤቱ ይውጣ። አንድ ከተማ ምረጡ። የመረጣችሁት የግልግል ተቋም ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው የተዘጋጀ አንቀጽ አለ፤ ቃሉን ሳትነኪ ገልብጪው። የምትሞይው መቀመጫውን፣ የዳኞቹን ቁጥር፣ ቋንቋውንና ውሉ የሚገዛበትን ሕግ ነው። ውሉ ሶርስ ኮድ (የሶፍትዌሩ ዋና ጽሑፍ) ስላለበት ደግሞ የምስጢር ጥበቃ አንቀጽ ለብቻው ጨምሪ፤ ግልግል በሁሉም ቦታ በራሱ ምስጢር አይደለም። ያስተካከልሽውን እዚሁ ብትለጥፊው አየዋለሁ።